ከቁሌቱ በፊት፦ ለትንንሽ ውሾች በቤት ስለሚዘጋጅ ምግብ

(ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለሕዝብ ከተሰጠ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያሉ እንደ ነበሩ ሰምቻለሁ። የሰው ምግብ በተወደደበት ጊዜ ስለ ውሻ ምግብ መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የውሻው ብቻ አይደለም፤ ከውሻው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚጫወተው ሕፃን ጤናም እዚያው ሳህን ውስጥ አለ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ስለ የትኛው ውሻ እንደምንነጋገር እንስማማ። በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ባሉት አሮጌ ግቢዎች ውሻ ማለት በር ጠባቂ ነው፤ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል፣ ከማዕድ የተረፈውን ይበላል። በልደታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግን ክብደቱ ከ4 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ ፎቅ ላይ ከቤተሰቡ ጋር የሚያድር ትንሽ ውሻ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ትንሽ ውሻ ለከተማችን አዲስ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሉሉ የተባለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሣባቸው ፎቶግራፎች ዛሬም ይታያሉ። የእኔ ነጥብ ውሻው ሲለወጥ አመጋገቡ አለመለወጡ ነው። ለ30 ኪሎ ግራም ዘበኛ የለመድነውን ትራፊ ለ4 ኪሎ ግራም ውሻ መጠኑን ብቻ ቀንሰን እናቀርባለን።

ትንሽ ውሻ ግን የትልቅ ውሻ ቁራጭ አይደለም። በሥነ ምግብ ትምህርት ውሻ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያስፈልገውን ኃይል ለመገመት ክብደቱ በኪሎ ግራም ተወስዶ ወደ 0.75 ኃይል ከፍ ይደረግና በ70 ይባዛል። በዚህ ስሌት የ30 ኪሎ ግራም ውሻ ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ፣ የ4 ኪሎ ግራም ውሻ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ሲካፈል ትልቁ 30፣ ትንሹ 50 ይደርሰዋል ማለት ነው። ሆዱ ግን ትንሽ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ በሆነው እንጀራ ሲሞላ ለፕሮቲን የሚተርፍ ቦታ የለውም። የትንንሽ ዝርያ ቡችሎች ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ሳይበሉ ከዋሉ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድ ስለሚችል፣ ምግባቸው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ መሰጠት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለውሻችን ከወጡ ስንሰጥ የምንፈራው በርበሬውን ነው። «አልጫ ነው፣ ምንም አይለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በርበሬ ሆድና አንጀቱን ያስቆጣል፤ ይሁንና ይበልጥ ልንፈራው የሚገባው በርበሬውን ሳይሆን ቁሌቱን ነው፤ ቁሌቱ ደግሞ በአልጫውም በቀዩም በሽሮውም አለ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የያዟቸው የድኝ ውሑዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠቃሉ፤ የተጎዱት ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ የደም ማነስም ይከተላል። ማብሰል ይህን ጠባይ አያጠፋውም፤ አድርቆ መፍጨትም እንደዚሁ።

መጠኑን እንመልከት። በውሻ ደም ላይ ጉልህ ለውጥ የሚያስከትለው የቀይ ሽንኩርት መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም እንደሆነ በመስኩ ይታወቃል። ለ30 ኪሎ ግራሙ ዘበኛ ይህ ቢያንስ 450 ግራም ነው፤ ያን ያህል በአንድ ጊዜ ከትራፊ አያገኝም። ለ4 ኪሎ ግራሙ ግን 60 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ፣ ውኃው መጥጦ ምን ያህል እንደሚያንስ እናቶቻችን ያውቁታል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በግራም ሲመዘን ከቀዩ ይበረታል። አሳሳቹ ነገር ምልክቱ ዕለቱን አለመታየቱ ነው። ድካም፣ የድድ መገርጣት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የሽንት መቅላት ወይም መጥቆር የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው፤ ቤተሰቡም ከበዓሉ ወጥ ጋር አያያይዘውም። በየቀኑ በጥቂቱ መስጠትም ይጠራቀማል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የውሻው ድርሻ ሽንኩርትና ጨው ሳይነካው ለብቻው ይውጣ። በብዙ ቤቶች የውሻ ዕቃ ከሰው ዕቃ ተለይቶ መቀመጡ የቆየ ልማድ ስለሆነ ሁለተኛ ድስት መጣድ ባዕድ ነገር አይሆንም።

ምን ይቀቀል? ለተኮላሸ፣ ጤነኛና ለአቅመ አዳም ለደረሰ 4 ኪሎ ግራም ውሻ የቀን ፍላጎቱ ወደ 320 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ሥብ የሌለው ሥጋ ወይም የዶሮ ሥጋ፣ 80 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ ጥቂት የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደዚያ ያደርሱታል። አጥንት ግን አይግባ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። አጥንት ሲቀር ደግሞ ካልሲየም ይቀራል። ሥጋ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሥጋና ሩዝ ብቻ ለወራት የበላ ውሻ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ እየወሰደ ያሟላል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሙቀጫ የላመ የእንቁላል ቅርፊት ይህን ይተካል፤ ለዚህ ውሻ በቀን 1 ግራም ያህል፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃዋል።

ይህ ግን የተሟላ ምግብ ነው አልልም። በ2013 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የታተመ ጥናት በመጻሕፍትና በበይነ መረብ የሚገኙ 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አዘገጃጀቶችን መርምሮ፣ ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። ከላይ የጠቀስኩትም ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ኢ ያንሱታል፤ ከሳምንታት በላይ ብቸኛ ምግብ የሚሆን ከሆነ ማሟያውን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥ።

ማባበያ ከቀኑ ኃይል ከአንድ አሥረኛ አይለፍ። ለዚህ ውሻ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ ትንሽ ያልፈዋል። ለዚህ ዳቦ ቆሎን የሚወዳደር አላየሁም፦ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ስኳር ተለውሶ፣ በጥፍር ልክ ተቆርጦ ምጣድ ላይ ይቆላል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ዛይሊቶል ያለበት ማስቲካ ፈጽሞ አይሰጡም።

አሁን ወደ ሕፃኑ ልመለስ። በበዓል ሰሞን በግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል፤ ሳንባ ለውሻ ተብሎም ይገዛል። ያ ከረጢት የኢኪኖኮከስ እጭ ሊሆን ይችላል። ከጥሬ ሥጋ የምናገኘውን የኮሶ ትል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ይህኛው ግን ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ ውሻውንም ብዙም አያሳምመውም። ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ጸጉሩ ላይም ይጣበቃል። ውሻውን ዳስሶ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ልጅ ከዋጠው፣ በገዛ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ከረጢቱ ለዓመታት በዝግታ ያድጋል። ስለዚህ የሆድ ዕቃ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይፈላ ለውሻ አይሰጥ፤ ከረጢት የታየበት ደግሞ ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር።

ከአዳራሹ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ። «በዐቢይ ጾም 55 ቀን በቤታችን ሥጋ አይበስልም፤ ውሻችንስ?» ለተባለው፦ ውሻ እንደ ድመት ከሥጋ ውጪ መኖር የማይችል አይደለም። ይሁን እንጂ ለቡችላና ለእርጉዝ ውሻ የጾም ምግብ አልመክርም። ለሌላው የሚቀለው ከጾሙ መግቢያ በፊት ቀቅሎ፣ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍሎ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ማቆየት ነው፤ መብራት ከጠፋና ከቀለጠ ግን ተመልሶ አይቀዝቅዝ። ምስር ክክም ያለ ቁሌት ተቀቅሎ ከሩዙ ጋር ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው «ወጥ የለመደች ውሻዬ የተቀቀለ አልቀምስም አለች» የሚል ነው። አዲሱን ምግብ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ከለመደችው እንጀራ ጋር ይቀላቅሉት፤ በወጡ ፈንታም ሥጋው የተቀቀለበትን መረቅ ያርከፍክፉበት። ትንሽ ውሻ ናትና አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች እልህ አይጋቧት፤ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።