የመተማ ሰሊጥና የመረጃ ጎተራ በሮች

ሰሊጥ በመተማ፥ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ከመስከረም ጀምሮ ይታጨዳል፤ ነዶው ቆሞ እስኪደርቅ ይጠበቅና ይራገፋል፤ ከዚያም በጆንያ ተሞልቶ በጭነት መኪና ወደ መጋዘን ይጓዛል። እህሉ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚሸጥ ከሆነ መጋዘኑ በር ላይ ናሙና ይወሰድለታል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ይመዘናል፤ ባለንብረቱም የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ይህ ደረሰኝ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚያዝ ስለሆነ፥ ሰሊጡ መተማ ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ በመዝገቡ ላይ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም ይተላለፋል። አራሹ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ሀብት፥ ከሚዛን ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ፥ በአንድ ዲስክ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ ገበያው ብዙ ተጽፏል። ስለዚያ መስመር ግን፥ ማለትም ጽሑፉ ከኮምፒውተሩ ወደ ዲስኩ በየትኛው በር እንደሚገባና በሩን ማን እንደሚከፍተው፥ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ስናፈላልግ እምብዛም ስላላገኘን ጥቂት ልንጽፍ ተነሣን። ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ጉዳይ ነው የሚሉን ጓደኞች አሉ። ነገ ተመርቀን ወደ ገንዳ ውኃ ወይም ወደ መተማ ዮሐንስ ስንመደብ ግን፥ በመሥሪያ ቤቱ ያለው «የኮምፒውተር ዐዋቂ» እኛው ሆነን እንደምንገኝ ከወዲሁ ብናስብ መልካም ነው።

ብዙ ሰው የሚሠራበትን መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት፥ መረጃውን በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ባለው ዲስክ ብቻ አያስቀምጥም። ምክንያቱም ምንድን ነው ቢሉ፥ ሰርቨሩ የተበላሸ ቀን መረጃውም አብሮት ይታሰራልና ነው። ስለዚህ ዲስኮቹ ለብቻቸው በአንድ ትልቅ ሣጥን ይሰበሰባሉ፤ ይህም ስቶሬጅ ይባላል፤ እኛ ጎተራ ብንለው የሚያስቀይም አይመስለንም። ጎተራው አብዛኛውን ጊዜ ኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት ጠባቂዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ጠባቂ በጀርባው በኩል በሮች አሉት። ሰርቨሮች የሚገናኙባቸው እነዚህ በሮች የሆስት ፖርት ይባላሉ። በውስጥ ያለው ቦታ ደግሞ ቮልዩም በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ለአንዱ ሰርቨር ይሰጣል። ሥራችን እንግዲህ የትኛው ሰርቨር፥ በየትኛው በር መጥቶ፥ የትኛውን ክፍል እንዲያይ ማዘዝ ነው።

ጎተራው ሰርቨሩን የሚያውቀው በመልኩ አይደለም፤ በስሙ ነው። ፋይበር ቻናል በሚባለው አገናኝ እያንዳንዱ የሰርቨር ካርድ በር፥ ፋብሪካው የሰጠው፥ ከሌላ የማይጋራው ስም አለው። ስሙ 16 ምልክቶች ያሉት ነው፤ ምልክቶቹም ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ስድስት የላቲን ፊደላት ናቸው። ልብ በሉ፥ ስሙ የበሩ ነው እንጂ የሰርቨሩ አይደለም። ሁለት በር ያለው ሰርቨር ሁለት ስም አለው፤ ጎተራውም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በራሱ አያውቅም፤ እኛ ልንነግረው ይገባል። አዲስ ባለሙያዎች አንዱን ስም መዝግበው ሁለተኛውን የሚተዉት ይህን ካለመገንዘብ ነው፤ ሥራው ለጊዜው ይሄዳልና ማንም አይነቃም።

በሰርቨሩና በጎተራው መካከል ስዊች የሚባል መሣሪያ ይቆማል። ስዊቹም የራሱ ፈቃድ አለው፤ ይህ በር ከዚያ በር ጋር ይነጋገር፥ ከሌላው ጋር አይነጋገር እየተባለ ዞን ይከፈልለታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። መተማ ዮሐንስና ገላባት የሚለያዩት በአንድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ይሁን እንጂ በወዲህኛው ኬላ ወረቀቱ የታየለት መንገደኛ በወዲያኛው ኬላ እንደገና ይጠየቃል፤ የአንዱ ማኅተም ለሌላው አይበቃም። የስዊቹ ዞንና የጎተራው ፈቃድም እንዲሁ ናቸው። ዞኑ ተከፍቶ ጎተራው ካልፈቀደ ሰርቨሩ በር ደርሶ ምንም ክፍል አያይም፤ ጎተራው ፈቅዶ ዞኑ ከተዘጋ ደግሞ በሩም ጋ አይደርስም። የጠፋው የትኛው ፈቃድ እንደሆነ ለመለየት አስቀድሞ «ጎተራው የሰርቨሩን ስም አይቶታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አይቶት ከሆነ ዞኑ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ከወዲያ ነው።

አሁን ወደ ትእዛዙ እንምጣ። የትእዛዝ ቋንቋ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። ለምሳሌ አይቢኤም ስቶርዋይዝ ይባሉ በነበሩት ጎተራዎቹ የተጠቀመበትን ብንወስድ፥ የትእዛዙ ራስ ሁለት ፊደል ነው። «ኤልኤስ» ዘርዝር ማለት ነው፤ «ኤምኬ» ፍጠር፥ «ሲኤች» ለውጥ፥ «አርኤም» አጥፋ ማለት ነው። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን ቋንቋ ያዘ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ በዘርዝር ትእዛዝ፥ በር ደርሰው ገና ያልተመዘገቡትን ስሞች እናወጣለን። ከዚያ «ኤምኬሆስት» ብለን ሰርቨሩን እንፈጥራለን፤ ለእኛ የሚገባንን መጠሪያ እንሰጠውና የበሮቹን ስሞች በሁለት ነጥብ እየለየን እንደረድርለታለን። ቀጥሎም ቮልዩሙን ከሰርቨሩ ጋር እናያይዛለን። በመጨረሻ «ኤልኤስሆስት» ብለን ሁኔታውን እንጠይቃለን። የሚመጣው መልስ በሙሉ ተገናኝቷል፥ ጨርሶ አልተገናኘም ወይም ጎድሎታል የሚል ነው። ጎድሎታል የሚለውን መልስ «ይሠራል አይደል?» ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ከሦስቱ ይልቅ የምንፈራው እሱን ነው። ጨርሶ ያልተገናኘው በዚያው ሰዓት ይታወቃል፤ የጎደለው ግን የሚታወቀው የቀረው አንዱ መንገድ የተቆረጠ ቀን ነው።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ አንድ አደገኛ ቃል አለ፤ እሱም «ፎርስ» የሚለው፥ በግድ ይሁን ማለት ነው። ሰርቨር ስንፈጥር ጎተራው ያላየውን ስም ብንጽፍለት እንቢ ይላል፤ «ፎርስ» ከተጨመረበት ግን ከ16ቱ አንዱ ምልክት የተሳሳተ ቢሆንም ዝም ብሎ ይመዘግባል። ከዚህ የከፋው ሁለተኛው ነው። ለአንድ ሰርቨር የተሰጠን ቮልዩም ለሌላ ሰርቨር ልስጥ ብንል ጎተራው መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፤ በ«ፎርስ» ግን ይፈጽማል።

ሁለት ሰርቨሮች አንዱን ክፍል ቢያዩ ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን መዝገብ በየፊናቸው ገልብጠው ይዘዋል እንበል። አንደኛው 120ኛው ገጽ ባዶ ነው ብሎ የአንዱን አራሽ ሰሊጥ ይጽፍበታል፤ ሁለተኛውም በእጁ ያለው ግልባጭ ገጹ ባዶ እንደሆነ ስለሚነግረው የሌላውን ሰሊጥ በዚያው ላይ ይጽፋል። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ተጠንቅቀዋል፤ መዝገቡ ግን ጠፍቷል። በሰርቨርም የሚሆነው ይኸው ነው። በሊኑክስ ተራ የፋይል አሠራር እያንዳንዱ ሰርቨር የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፤ ሌላ ጸሐፊ አለ ብሎም አይጠረጥርም። ለጋራ አጻጻፍ ተብለው የተሠሩ ልዩ አሠራሮች አሉ፤ ሳያዘጋጁ መጋራት ግን ጥፋት ነው። ጥፋቱም በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ሰርቨሩ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ነው ገጾቹ የተምታቱት።

ለዚህ መድኃኒቱ የክፍሉን መለያ ቁጥር ማስተያየት ነው። እያንዳንዱ ቮልዩም 32 ምልክት ያለው መለያ አለው፤ ይህም በጎተራው በኩል በዘርዝር ትእዛዝ፥ በሰርቨሩም በኩል ይነበባል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያነብቡ አዲስ ዲስክ መጣ ብሎ ፎርማት ማድረግ፥ የመጋዘኑን ክፍል ቁጥር ሳያዩ ጥረጉት ብሎ እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

ፋይበር ቻናል ውድ ነው። በወረዳና በዞን ከተማ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ በተራው የኔትወርክ ገመድ የሚሄደው አይስካዚ የተባለው ይሆናል። በዚህኛው የሰርቨሩ ስም ከፋብሪካ አይመጣም፤ በፋይል የተጻፈ ነው። ስሙ በሦስቱ የላቲን ፊደላት በአይ፥ በኪውና በኤን ይጀምራል፤ ዓመትና ወር ይከተላል፤ ከዚያ የድርጅቱ የኢንተርኔት ስም ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ ይጻፋል። በፋይል የተጻፈ ስም ደግሞ ይገለበጣል። አንድ ሰርቨር አዘጋጅቶ ሌሎቹን በእሱ ግልባጭ ማባዛት ዛሬ የተለመደ ነው፤ ስሙን መለወጥ ከተረሳ ግን ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ስም በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ጎተራውም አንድ ሰው መስሎት ለሁለቱም ያንኑ ክፍል ይከፍታል። ያን ጊዜ ማንም «ፎርስ» ሳይል የሁለቱ ጸሐፊዎች ነገር ደረሰ ማለት ነው።

በአይስካዚ በኩል ለጎተራው በር የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የሚያዳምጥበትም ቁጥር በልማድ 3260 ነው። የይለፍ ቃልም ሊጠየቅበት ይቻላል፤ ይጠየቅበት እንላለን፤ ስም ሊገለበጥ መቻሉን አይተናልና። አንድ ሰው ለቀናት የሚደክምበት ሌላ ነገር የእሽጉ መጠን ነው። ተራው የኔትወርክ እሽግ 1500 ባይት ይይዛል፤ ለስቶሬጅ ግን ብዙዎች ወደ 9000 ያሳድጉታል። ሰርቨሩና ጎተራው 9000 ተብለው በመካከል ያለው ስዊች በ1500 ከቀረ፥ ፒንግ ይመልሳል፤ ስሙም ይታያል፤ ትልቅ ጽሑፍ ሲጀመር ግን ሁሉ ነገር ይቆማል። ስለዚህ የሚፈተነው በትንሹ ፒንግ ሳይሆን በትልቁ፥ እሽጉም አይከፈል ተብሎ ነው።

ከጎንደር እስከ መተማ ድረስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋናውም መንገድ በአዘዞና በገንዳ ውኃ የሚያልፈው አንዱ ነው። በክረምት አንድ ቦታ የተቆረጠ እንደሆነ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ለጎተራ ግን ሁለተኛ መንገድ መሥራት በእጃችን ነው። ሰርቨሩ ሁለት በር፥ ስዊቹ ሁለት፥ ጠባቂው ሁለት ሆኖ እያንዳንዱ የሰርቨር በር በየስዊቹ በኩል ከሁለቱም ጠባቂዎች ጋር ሲገናኝ አራት መንገድ ይሆናል። ሰርቨሩም ያንኑ አንድ ክፍል አራት ዲስክ አድርጎ ያየዋል። አራቱን ወደ አንድ የሚሰበስብ መልቲፓዝ የተባለ ፕሮግራም መኖር ያለበት ለዚህ ነው። መንገዶቹ መኖራቸውን የሚያረጋግጠው ግን ሥዕል አይደለም፤ መዝገቡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዱን ገመድ ነቅሎ፥ ጽሑፉ መቀጠሉን ማየት ነው። ገመዱ ሲመለስ ጫፉ ይጠረግ። ብርሃን የሚያልፍበት የመስተዋቱ እምብርት በዚህ ዓይነቱ ገመድ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የመተማ አቧራ ደግሞ ማንንም አይምርም። በነጠላ ጫፍ መጥረግና በአፍ እፍ ማለት ቆሻሻውን ያብሳል እንጂ አያጸዳም፤ ለዚሁ የተሠራ መጥረጊያ አለ።

ይህን ሁሉ በሥዕል በተሞላ መስኮት በመጫን መሥራት ሲቻል ለምን በትእዛዝ መስመር ይደከማል የሚሉንን ወገኖች ሰምተናል። መስኮቱ ደግ ነው፤ ለማየት እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን በርቀት፥ በቀጭን መስመር ላይ፥ ሥዕሉ እስኪመጣ ሰዓት ሲያልፍ የትእዛዙ ጥቂት ፊደላት ደርሰው ተመልሰዋል። ደግሞም ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት በወረቀት ይጻፋል፤ ለጓደኛ ይታያል፤ ከ16ቱ ምልክት የሳተውን ሁለተኛ ዐይን ያገኘዋል። በመስኮት የተጫነውን ግን ነገ ማን ያነበዋል? ጎተራው ራሱ ለውጥ ያመጡትን ትእዛዞች ከሰዓታቸውና ከአዛዡ መለያ ጋር ይመዘግባል፤ ይህን መዝገብ ማንበብ የቻለ ሰው ትናንት ምን እንደተደረገ ሌላውን ሳይጠይቅ ይረዳል።

ሰርቨር ሲያረጅና ሲሰናበት ነገሩ ሁሉ በግልባጭ ይሄዳል። አስቀድሞ በሰርቨሩ ላይ የሚጽፈው ሁሉ ይቆማል፤ ዲስኩም ይፈታል። ከዚያ በጎተራው በኩል ክፍሉ ከሰርቨሩ ይለያል፤ በመጨረሻ «አርኤምሆስት» ተብሎ ስሙ ይሰረዛል። ክፍል ተያይዞበት ሳለ ስሙን ልሰርዝ ያለን ሰው ጎተራው እንቢ ይለዋል፤ እዚህም ላይ «ፎርስ» የምትለው ቃል ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ከዚያም የስዊቹ ዞን ይነሣል። ካርዱ ነገ በሌላ ሰርቨር ቢተከል ያንኑ 16 ምልክት ይዞ ነው የሚመጣውና፥ ስሙ ካልተሰረዘ የአሮጌው ክፍል ለአዲሱ ሰርቨር ይከፈትለታል።