አሮጌው ዜማ በአዲስ ልብስ

በየምረቃው ምሽት የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ዕጩ መምህራን የጥንቱን ዘፈን በኦርጋንና በጊታር ሲያቀርቡት ወጣቱ «ተሻሻለ» ብሎ ያጨበጭባል፤ ትልልቆቹ ደግሞ «ኧረ አበላሹት!» ይላሉ። ለመሆኑ ልክ ማነው? መልሱ የሚገኘው «ምኑ ተለወጠ? ምኑስ ቀረ?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

በመጀመሪያ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1945 ኒው ዮርክ ውስጥ «ካሩሰል» የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር ታየ። በውስጡ ባሏ የሞተባትን ሴት ለማጽናናት የሚዘፈን ዜማ ነበረ። በ1963 ጄሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ የተባሉ የሊቨርፑል ወጣቶች በጊታርና በከበሮ ተጫወቱት። የሊቨርፑል ክለብ ደጋፊዎች በስታዲየም የሚዘምሩት ይህንኑ ነው። መሣሪያውና ቦታው ተለወጠ፤ ዜማውና የማጽናናት መንፈሱ ግን አልተነካም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጌታቸው መኩሪያን እናገኛለን። ጌታቸው ጀግና የሚሸልልበትን ሽለላ ወደ ሳክስፎን አመጣው። ቃል የለውም፤ ትንፋሹና ቁጣው ግን የሸላይ ነው። ትዝታንም አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ማህሙድ አህመድ በባንድ ተጫውተውታል። የሰማ ሰው ሁለቱንም «ይኸ ትዝታ ነው» ይላል።

ምክንያቱ ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አሏቸው። (ባቲና አምባሰል የእኛው የወሎ አገሮች ስም መሆኑን ልብ ይሏል።) ኦርጋን ግን በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፅ ስላለው ጣት በቀላሉ ይሳሳታል። ለምሳሌ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ስሜቱም ሌላ ነው። እንግዲህ የሽማግሌዎቹን ጆሮ የሚጎረብጠው ብዙውን ጊዜ ኦርጋኑ ሳይሆን የተዛባው ቅኝት ነው።

ታዲያ ይህ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም። ነገ ቆቦ ቆላ ስንመደብ የራያን የሰርግ ዘፈን ከእናቱ የሰማ ሕፃን ፊታችን ይቀመጣል። ዜማውን አዛብተን ብናስተምረው ልጁ የሚያምነው መምህሩን ነው፤ ትክክለኛው የእናቱ ዜማ ስሕተት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዘፈኑን ከሚያውቁት እናቶችና አባቶች ያለ መሣሪያ፣ በጭብጨባ ብቻ እንማር። ቀጥለን ቅኝቱን እንለይ። ከዚያ በኋላ ጊታሩም ኦርጋኑም ይምጣ! መድረክ ላይ ስንወጣም ዘፈኑን ከማን እንደተማርን እንናገር።