ማስታወሻ የሚጽፈው ድብ

የክፍል ለክፍል የባህል ልውውጥ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ሁለት ክፍሎች በመምህሮቻቸው አማካይነት ተጣምረው ለጥቂት ወራት ደብዳቤ፣ ሥዕል፣ ፎቶግራፍና ትንንሽ ዕቃ የሚለዋወጡበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። በአንደኛ ደረጃ ልጆች ዘንድ ልውውጡ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁንና እንግሊዝኛ የአንዳቸውም የአፍ መፍቻ ላይሆን ይችላል። የጃፓንና የቱርክ ልጆች ሲገናኙ ሁለቱም ጀማሪዎች ናቸው፤ አንዱ አራሚ፣ ሌላው ታራሚ አይሆንም። ቋንቋው የፈተና ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ወዲያ ማዶ ካለው ልጅ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ይሆናል።

ዘዴው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው መምህር ሴለስተን ፍሬኔ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኝ አንዲት መንደር ተማሪዎቹ የጻፉትን በትንሽ ማተሚያ እያሳተመ እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ በብሪታኒ ክልል ላለ የገጠር ትምህርት ቤት ይልክ ነበር። ልውውጡ በአንድ አገርና በአንድ ቋንቋ ቢሆንም መሠረቱን ጥሏል፤ ልጅ የሚያነብለት ሰው እንዳለ ካወቀ ለመጻፍ አይለመንም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዮርክና የሞስኮ ትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር መልእክት ተገናኙ፤ ከዚህ ጅምር አይኧርን የተባለው ዓለም አቀፍ የመምህራን መረብ ተወለደ። በ1995 ደግሞ በካናዳ የሚያስተምረው ዴል ሁበርት ከወረቀት የተቆረጠ ጠፍጣፋ ልጅ በፖስታ የሚዞርበትን ልውውጥ ጀመረ። ሐሳቡን ያገኘው ጄፍ ብራውን በ1964 ካሳተመው፣ ስታንሊ ስለተባለ ጠፍጣፋ ልጅ ከሚተርክ የሕፃናት መጽሐፍ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም የአህጉሩን ትምህርት ቤቶች የሚያጣምረውን ኢትዊኒንግ በ2005 አቋቋመ።

ለትንንሽ ልጆች በጣም ከሚመቹት ልውውጦች አንዱ የአይኧርን የድብ አሻንጉሊት ፕሮጀክት ነው። የተጣመሩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ አሻንጉሊት በፖስታ ይልካሉ። አሻንጉሊቱ የግድ ድብ መሆን የለበትም፤ አንበሳም በግም ይሆናል። እንግዳው ሲደርስ ክፍሉ ይቀበለዋል፤ ልጆቹም ተራ እየገቡ ቤታቸው ይወስዱታል። ኢትዮጵያ የመጣ ድብ ማታ እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ አጠገብ ይቀመጣል፤ በማግስቱ በልጅ ጀርባ ታዝሎ ገበያ ይወርዳል። ከዚያ ልጁ በድቡ ስም የዕለት ማስታወሻ ይጽፋል፤ «ዛሬ ገበያ ሄድኩ። በርበሬ አስነጠሰኝ። ዝናብ ፈራሁ።» ማስታወሻው በኢሜይል ወደ ድቡ አገር ሲደርስ የላኩት ልጆች የራሳቸው ድብ የት እንዳደረ ለማወቅ ተሻምተው ያነቡታል።

ብልሃቱ በድቡ ስም መጻፉ ላይ ነው። ዓይን አፋር ልጅ ስለ ራሱ በባዕድ ቋንቋ መናገር ይከብደዋል፤ በድቡ አፍ መናገር ግን ጨዋታ ነው። ቢሳሳት እንኳ የተሳሳተው ድቡ ነው። ከዚህም በላይ ማስታወሻው ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገሮችን ይደጋግማል፤ ሄድኩ፣ በላሁ፣ አየሁ፣ ወደድኩ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ሃያ ጊዜ ቢያስጽፈው የሚሰለቸውን ያለፈ ጊዜ ግስ ልጁ በየማታው ሳይታወቀው ይለማመደዋል።

የጽሑፍ ልውውጡ የቋንቋዎችን ጠባይም ያወጣል። አንድ የኢትዮጵያና አንድ የጃፓን ክፍል ተጣመሩ እንበል፤ አማርኛና ጃፓንኛ ዝምድና ባይኖራቸውም ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። የአማርኛው ልጅ «እኔ ሩዝ እበላለሁ» ሲል የጃፓኑ «ዋታሺ ዋ ጎሃን ኦ ታቤማስ» ይላል፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛው ግን «አይ ኢት ራይስ» ብሎ ግሱን መሐል ይከትታል። ስለዚህ ሁለቱም ልጆች የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። በድምፅ በኩል ግን ችግራቸው ይለያያል፤ የጃፓኑ ልጅ «ላይት» እና «ራይት» ይምታቱበታል፣ የአማርኛው ልጅ ደግሞ ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረውን የእንግሊዝኛ ድምፅ በ«ዝ» ወይም በ«ስ» ይተካዋል። ይህን የሚያውቅ መምህር የማዶውን ክፍል ስሕተት ለራሱ ተማሪዎች ማበረታቻ ያደርገዋል።

ባህሉ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ በዓል ሲከበር ሳይሆን ተራ ነገር ሲነገር ነው። ለኢትዮጵያ ልጆች የመጀመሪያው እንቅፋት ሰዓት ነው። አንድ ልጅ «ትምህርት የሚጀምረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው የጃፓኑ አቻው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይረዳል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2018 ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ «በ2010 ተወለድኩ» ብሎ ቢጽፍ፣ እ.ኤ.አ. 2025 ላይ ያለው አንባቢ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው ብሎ ያሰላል። ስምም ያነጋግራል፤ ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፣ ኢትዮጵያዊው ልጅ ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱን ስም ነው። እነዚህን ለማስረዳት የሚደረገው ሙከራ ልጆቹን «ለምን» እና «ምክንያቱም» ወደሚሉት ቃላት ይመራቸዋል።

ልውውጡ እንዲሳካ ዝግጅት ይፈልጋል። መምህራኑ ከጅምሩ የትምህርት ዘመናቸውን ያስተያያሉ፤ የጃፓን ትምህርት የሚከፈተው በኤፕሪል (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ ደግሞ በመስከረም ነው። የቪዲዮ ጥሪ ከታሰበ ሰዓቱ መጠናት አለበት፤ ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ ስምንት ነው፤ ትንሽ ከዘገየ ልጆቹ ወደ ቤት ሄደዋል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ትምህርት ቤት ፎቶና አጭር ጽሑፍ ከቀጥታ ጥሪ ይሻላል። ጥቅሉ ውስጥ ምግብና ዘር አለመክተት ደግ ነው፤ ጉምሩክ ሊያስቀረው ይችላል።

የልጆች ደኅንነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለፎቶግራፍ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የልጁ ሙሉ ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ አይላክም። መልእክቱ ሁሉ የሚያልፈው በመምህሩ እጅ ነው።

ዘዴው ወሰን አለው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል በዓመት 35፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል 70 የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መድባለች፤ በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ድቡ ይህን መደበኛ ትምህርት አይተካም፤ ፊደልና ንባብ ያልለመደ ልጅ ማስታወሻ ሊጽፍ አይችልም። ሌላው አደጋ አገርን በባህል ልብስና በበዓል ምግብ ብቻ ማሳየት ነው። ልጆቹ የትምህርት ቤታቸውን ደወል፣ የታክሲ ሰልፉንና የእኅታቸውን ጭቅጭቅ ሲጽፉ ግን የማዶው ክፍል የሚያውቀው ሰው ያገኛል።

በወቅቱ ማብቂያ እያንዳንዱ አሻንጉሊት ማስታወሻው የተጻፈበትን ደብተር ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ደብተሩም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ይሆናል፤ እነሱም አንብበው ሲጨርሱ የራሳቸውን እንግዳ መጠበቅ ይጀምራሉ።