ሦስት ኩንታል ማሽላ በአንድ ባትሪ

ከዓባይ በረሃ ሦስት ኩንታል ማሽላ ወደ ወግዲ ደጋ ለማውጣት አምስት ስድስት አህያ ያስፈልጋል፤ ነጂውንም አህያውንም የሚያዝል ዳገት አለ። ወንዙ ከሚፈስበት ወለል እስከ ደጋው ያለው ከፍታ 1500 ሜትር ያህል ነው። ለዚህ የሚፈለገውን ጉልበት ለማወቅ 300 ኪሎውን በ1500 ሜትር፣ ከዚያም በ9.8 ማባዛት ይበቃል፤ 4.4 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ዛሬ ከሶላር ጋር የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲሞላ 4.6 ሚሊዮን ጁል ይይዛል። ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል።

ከዚያ 12 ኪሎ ውስጥ እንኳ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። ባትሪው አራት ሴሎች አሉት። ሲሞላና ሲራገፍ ከሴሉ አንድ ጎን ወደ ሌላው የሚመላለሰው ሊቲየም በእያንዳንዱ 26 ግራም፣ በአራቱ ተደምሮ 104 ግራም ብቻ ነው። የቀረው ብረትና ፎስፌት፣ ግራፋይት፣ መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ፈሳሽና ሽፋን ነው። ያ 26 ግራም ግን በአተም ቢቆጠር ከ2 ቀጥሎ 24 ዜሮ የሚጻፍለት ብዛት አለው። ይህ ሁሉ ሠራዊት ማታ አምፖል ሲበራ ወጥቶ ቀን ፀሐይ ስትመታ ይመለሳል፤ ምልልሱን ብዙ ሺህ ጊዜ ይደግመዋል። አምራቾች ለሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ2000 እስከ 6000 ዙር ይሰጡታል። 3000 ብለን ብንይዝ እንኳ ይህ አንድ ባትሪ በዕድሜው ከዓባይ ወለል እስከ ደጋው 9000 ኩንታል የሚያወጣ ጉልበት ያስተላልፋል። 30 ኪሎ የሚመዝነው፣ ተመሳሳይ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ እንዲያም ሆኖ ጥቂት መቶ ዙር ሠርቶ ይደክማል።

በቤት ሥራ ሲለካ ቁጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። 4.6 ሚሊዮን ጁል ማለት 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 5 ዋት አምፖል በየማታው አራት ሰዓት ቢበራ ለ64 ማታ ይበቃል። 85 ያህል የእጅ ስልኮች ይሞላል። የእንጀራ ምጣድ ግን 3500 ዋት ይስባል፤ ስለዚህ ያው ባትሪ ምጣዱን የሚያቆየው 22 ደቂቃ ብቻ ነው። በተግባር እሱንም አያደርገውም። በ12.8 ቮልት 3500 ዋት ለማግኘት ከ270 አምፔር በላይ መፍሰስ አለበት፤ በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ባለሙያዎች ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ አያሳልፍምና ወዲያው ይዘጋል። ሁለት ወር ብርሃን ወይም 22 ደቂቃ ምጣድ፤ ስለ ገጠር ኤሌክትሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስታውሰው እመኛለሁ።

ከወግዲ ገደል ሥር የሚያልፈው ውሃ ዞሮ ዞሮ ጉባ ይደርሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚያ የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ የማመንጨት አቅሙም 5150 ሜጋዋት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 130 ሜትር ቢወድቅ የሚሰጠው 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዚህ ስሌት በእጅ የሚንጠለጠለው ባትሪ የያዘው ጉልበት በግድቡ ከሚወድቅ 18 በርሜል ውሃ ጋር እኩል ነው። ፀሐይዋ ከሁለቱም ትገርማለች። ጥርት ባለ ቀን በእኩለ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ያህል ብርሃን ይወርዳል። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት 2.5 ሜጋዋት ይቀበላል። ግድቡ ተርባይኖቹን ሁሉ ሲያሽከረክር የሚሰጠው ኃይል 2060 ጥማድ ማሳ ላይ ከሚወድቀው የቀትር ብርሃን ጋር ይመጣጠናል። ፓኔል ከዚያ ብርሃን አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጥም ስሌቱ አስደናቂነቱን አያጣም።

እስካሁን የቆጠርኩት ትልልቁን ነው። ባትሪ ገዝቶ ከሶላሩ ጋር የሚያገጣጥመውን ሰው የሚጠቅሙት ወይም የሚያከስሩት ግን ትንንሾቹ ቁጥሮች ናቸው፤ የበለጠ የሚያስደንቁኝም እነሱ ናቸው። ሁለት ባትሪዎች ላይ 12 ቮልት ተብሎ ቢጻፍም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። የአሲዱ ባትሪ ስድስት ባለ 2 ቮልት ሴሎች አሉት፤ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ያሳያል። ሊቲየሙ አራት ባለ 3.2 ቮልት ሴሎች አሉት፤ ሞልቶ ሲያርፍ 13.3 ወይም 13.4 ላይ ይቆማል። 12.7 ሲደርስ ግን ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። አንዱ ሞላሁ የሚልበት ቁጥር ለሌላው አለቀብኝ የሚልበት ነው። አሮጌውን የአሲድ ባትሪ ላለመጣል ከአዲሱ ሊቲየም ጋር ጎን ለጎን ያሰረ ሰው አቅሙን ያበዛ ይመስለዋል፤ ማታ ማታ ግን ጭነቱን ሁሉ ሊቲየሙ ብቻውን ይሸከማል፣ አሲዱም ሊቲየሙ እስኪያልቅ ምንም ሳይሠራ ያድራል። በ0.6 ቮልት ልዩነት ብቻ የባትሪ ዋጋ በከንቱ ይቀራል።

የሊቲየሙ ቮልት ደግሞ ዝም ያለ ነው። ከ70 በመቶ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ ቮልቱ የሚቀንሰው 0.1 ያህል ብቻ ነው። በቮልት መለኪያ ተማምኖ ብዙ አለኝ ያለ ሰው ድንገት ጨለማ ላይ ሊቀር ይችላል። የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ አብሮ መግዛት የሚገባው ለዚህ ነው።

ደጋው የራሱ ሕግ አለው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ ወደ ደንቆሮ ደን የሚወጣው አገር ውርጭ ያውቃል። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባው፣ ለአሲድ ባትሪ የተሠራ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ብርድ ሲሰማው ቮልቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሴል 4 ሚሊቮልት ገደማ ይጨምራል። ለአሲዱ ይህ ደግነት ነው። ጠዋት 5 ዲግሪ ላይ ግን 14.4 የነበረው 14.88 ይሆናል፤ የሊቲየሙ ጣሪያ ደግሞ 14.6 ነው። በአንድ ሴል ሲካፈል ትርፉ 0.07 ቮልት ነው፤ ለዚያች ትርፍ ቢኤምኤሱ መስመሩን ይቆርጣል፣ ባለቤቱም ባትሪው ተበላሸ ብሎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ቻርጅ መቆጣጠሪያው የሊቲየም ምርጫ ካለው እሱ ላይ ማድረግ፣ ከሌለውም የሙቀት ማስተካከያውንና የአሲድ ባትሪን ለማመጣጠን ቮልቱን ከ15 በላይ የሚያወጣውን ሥርዓት ማጥፋት ግድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ዜሮ ዲግሪ ነው። ሊቲየም ከዜሮ በታች ኃይል ማውጣት ይችላል፤ መሙላት ግን የለበትም። በዚያ ብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ያቅተውና በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። የተለጠፈው በአብዛኛው አይመለስም፤ ውሎ አድሮ ሴሉን ከውስጥ ሊያገናኘውም ይችላል። ፓኔሉ በበኩሉ ብርድ ይወዳል። አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ቮልቱ በ0.3 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፋብሪካው በ25 ዲግሪ ለክቶ 50 ቮልት ያለውን ፓኔል ሁለቱን በተከታታይ ያሰረ ሰው 5 ዲግሪ ላይ 106 ቮልት ያገኛል። ቻርጅ መቆጣጠሪያው እስከ 100 ቮልት ብቻ የሚችል ከሆነ በመጀመሪያው የኅዳር ጠዋት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በደጋ ባትሪውን ቤት ውስጥ አስቀምጦ ከቅዝቃዜ ማራቅ፣ የፓኔሉንም ቮልት ለብርዱ አስቦ መቁጠር ያስፈልጋል። ዓባይ በረሃ ያለ ሰው ጭንቀቱ ተቃራኒው ነው፤ እሱ ባትሪውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለው ሙቀት ያድነው።

ሽቦውም የራሱ ስሌት አለው። 1000 ዋት ለማውጣት በ12.8 ቮልት 78 አምፔር፣ በ51.2 ቮልት ደግሞ 20 አምፔር አይሞላም። ሽቦ የሚሞቀው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ሙቀቱ 16 እጥፍ ይለያያል። ለትልቅ ቤት ባለ 48 ቮልት የሚባለው፣ 16 ሴል ያለው ባትሪ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በውጭ አገር በተሽከርካሪ ቤት እየዞሩ የሚኖሩ፣ እኛም ዘንድ በላንድክሩዘር ላይ ተጨማሪ ባትሪ የሚጭኑ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ሊቲየም የዲናሞውን ኃይል ሳይቆጥብ ስለሚስብ፣ በመካከላቸው አምፔሩን የሚገድብ ቻርጀር ካልገባ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

የትንንሽ ነገሮችን ክብደት የእኛ አየር መንገድ በዓለም ፊት አይቶታል። በጥር 2005 ዓ.ም. የሌሎች አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች ባትሪያቸው በመጋሉና በመጨሱ፣ ያኔ በሥራ ላይ የነበሩት የዚህ ዓይነት 50 አውሮፕላኖች በሙሉ መሬት ላይ ዋሉ። ኢትዮጵያ ሚያዝያ 19 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር ከሁሉ ቀድማ አገልግሎቱን መለሰች። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት የቆመ አንድ የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ጣሪያው ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት ከዋናው ባትሪ ሳይሆን ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያዋ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ሽቦዎቿ በክዳን ሥር ተጣብቀው ተጨፍልቀው ነበር። እዚያ ያለው ኬሚስትሪ ከብረት ፎስፌቱ የተለየ ነው፤ ፎስፌቱ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል። የተጨፈለቀ ሽቦ ግን ለየትኛውም አይራራም። አንድ ባትሪ ፊዩዝ በሌለው ሽቦ ፖሎቹ ቢገናኙና ቢኤምኤሱ ባይቆርጠው ከ1000 አምፔር በላይ ሊያፈስ ይችላልና፣ ፊዩዙን ከፖሉ አጠገብ ማድረግ የማይታለፍ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ አንድ የመኪና ባትሪ ከላይ የቆጠርነውን ዓይነት 47 ባትሪ ያህላል። ለመንገድ ደክሞ 70 በመቶ ላይ ሲቆም እንኳ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይቀረዋል። እንዳለ ግን ከቤት ሶላር ጋር አይገጥምም፤ ከ100 በላይ ሴሎች በተከታታይ ታስረው 400 ቮልት ያህል ስለሚሰጡ ሰው ይገድላል። የሰለጠነ እጅ ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ሴል ለክቶ፣ እኩያ እኩያውን 16 በ16 ቢያደራጅና ለእያንዳንዱ ቢኤምኤስ ቢሰጠው፣ 126 ሴል ካለው ፓክ ሰባት ባለ 51.2 ቮልት ባትሪ ይወጣል። እያንዳንዱ 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 3500 ዋቱን ምጣድ በ68 አምፔር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያቆያል፤ ያ ደግሞ ለአንድ ቤት የሳምንት እንጀራ ነው፣ ከአንድ አሮጌ መኪና ለሰባት ቤት።