በባዶ በረት ፊት ማመስገን

ከአገራችን ቃላት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚለው ይልቅ ቶሎ ከአፍ የሚወጣ የለም። እንደምን አደራችሁ ለሚለን እንመልስበታለን፤ ማዕድ ሲነሣ እንናገረዋለን፤ ሕመምተኛውም በአልጋው ላይ ሳለ ጤናውን ሲጠይቁት ሕመሙን ከመናገሩ በፊት ይኸንኑ ያስቀድማል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ትተውልን ከሄዱት ርስት አንዱ ነው። ነገር ግን ቃል ሲለመድ ትርጓሜው ይረሳል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ይህ ቃል በእውነት የሚፈተንበት ቀን በመጣ ጊዜ ምን ማለት እንደ ሆነ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንመረምር አሰብን። ለዚህም ምርመራ ከደቡቡ ቈላ፥ ከነጌሌ ቦረናና ከያቤሎ፥ ከዱብሉቅ፥ ከሜጋና ከሞያሌ አገር የተሻለ አስተማሪ አላገኘንም።

ነጌሌ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ምድር ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። መከራን የምታውቀው ዛሬ አይደለም፤ በጥር 1928 ዓ.ም. በበዓለ ጥምቀት ሰሞን፥ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በገናሌ ዶርያ ከተዋጋ በኋላ፥ የግራዚያኒ ጦር ገብቶባታል። ሆኖም በዚያ አገር ቤተ ሰብን በየጊዜው የሚፈትነው ጠላት ከጦር ይልቅ ድርቅ ነው። በቦረና ምድር ከብት ሀብት ብቻ አይደለም። ለሕፃኑ ወተት፥ ለሙሽራዪቱ ጥሎሽ፥ ለሽማግሌው ክብር፥ ለክፉ ቀንም መጠባበቂያ እርሱ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ልጆቹ ሰላም ጠይቆ የከብቱን ሰላም ሳይጠይቅ አያልፍም። «ቱላ» ከሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ውሃ ለማውጣት ጐልማሶች አንዱ ከሌላው በላይ እንደ መሰላል ተደርድረው፥ እየዘፈኑ፥ የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክሙት ለመንጋቸው ነው።

የዚያ ቈላ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም በጥቅምትና በኅዳር ይጠበቃል። ከ2013 ዓ.ም. የጥቅምት ዝናብ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. የጥቅምት ዝናብ ድረስ ግን 5 ወቅቶች በተከታታይ ከዳው። በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ተባለ። በአገራችን በድርቅ በተመቱት ቈላዎች በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ፤ ቦረናም እጅግ ከተጐዱት አንዱ ነበረ። ዕድሜ ልካቸውን በከብታቸው የኖሩ ቤተ ሰቦች በዱብሉቅና በሌላም ስፍራ በመጠለያ ሰፍረው የርዳታ እህል ጠበቁ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናቡ መጣ፤ በአንዳንድ ስፍራም ጐርፍ ሆኖ የተረፈውን ጠራርጎ ወሰደ። ሣሩ በቀለ፤ ብዙ ሰው ግን ሣሩን የሚግጥ ከብት አልነበረውም።

እንግዲህ የጥያቄአችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከብቱ ሳያልቅ ዝናብ ቢዘንብ ኖሮ ማመስገን ቀላል ነበረ። ከብቱ ካለቀ በኋላ በባዶ በረት ላይ የሚዘንበውን ዝናብ እያየ «ተመስገን» የሚል ክርስቲያን ምን ማለቱ ነው? ጥፋቱን ወደድሁት ማለቱ ነውን? ወይስ ልማድ ሆኖበት ነው?

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር የሚነግሩን ከከብት አርቢ ሕይወት ያልራቀ ታሪክ ነው። ጻድቁ ኢዮብ 7 ሺህ በጎች፥ 3 ሺህ ግመሎች፥ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 አህዮች የነበሩት ሰው ነበረ። የቈላው ሰው ይህን ቍጥር ሲሰማ ትርጕም የሚነግረው አያስፈልገውም። በአንድ ቀን ከብቱን ሁሉ፥ ከከብቱም በላይ 10 ልጆቹን አጣ። ያን ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ ራሱን ተላጨ፤ በምድር ላይ ወድቆም የሰጠውንና የነሣውን ጌታ ባረከ። ልብ እናድርግ፤ ልብሱን መቅደዱ ከምስጋናው በፊት ነው። ምስጋናው እንባውን አልከለከለውም። በኋላም የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ድረስ ምሬቱን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰ፤ ይህም ከእግዚአብሔር ወዳጅነት አላስወጣውም።

ነቢዩ ዕንባቆምም እንዲሁ ነው። በጸሎቱ ፍጻሜ የጐደለውን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ በለሱ እንዳላበበ፥ ወይኑ እንዳላፈራ፥ እርሻው መብል እንዳልሰጠ፥ በጎች ከማደሪያቸው እንደ ጠፉ፥ በበረትም ላም እንደሌለ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው የሚናገረው። ይህ ጸሎት በግዕዙ የዳዊት መጽሐፍ ከመዝሙራት ቀጥሎ ከሚገኙት 15ቱ የነቢያት ጸሎታት አንዱ ነውና፥ ዳዊት የሚደግም ኢትዮጵያዊ ባዶውን በረት በጸሎቱ ሲያነሣው ኖሯል።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር የቤተ ክርስቲያን ማዕድ ነው። የቍርባኑ ጸሎት በግዕዝ «አኰቴት» ይባላል፤ ምስጋና ማለት ነው። በግሪክም ስሙ እንዲሁ ምስጋና ነው። ጌታችን ኅብስቱን አንሥቶ ያመሰገነበት ሌሊት ግን የድል ሌሊት አልነበረም፤ አልፎ የተሰጠበት ሌሊት ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስም የተሰሎንቄን ምእመናን በሁሉ እንዲያመሰግኑ ባዘዘ ጊዜ፥ የሚጽፈው መከራ ለሚቀበሉ ሰዎች ነበረ። በሁሉ ማመስገን ማለት ስለ ክፉው ሁሉ ማመስገን ማለት አይደለም። ክፉውን ክፉ ብለን እየጠራን፥ በክፉው መካከል ያልተለወጠውን አምላክ ማመስገን ነው እንጂ። ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚቀርብ ምስጋና የምንለው ይህን ነው። ከብቱ ሲበዛ የማይጨምር፥ ከብቱ ሲያልቅ የማያልቅ፥ ከእግዚአብሔር ጋራ ንግድ ያልሆነ ምስጋና ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ደረስን። ይህ ምስጋና ከከሰረው ሰው አፍ ሲወጣ የተቀደሰ መሥዋዕት ነው፤ ካልከሰረው ሰው አፍ እንደ ምክር ሲወጣ ግን ቍስል ላይ እንደ ተነሰነሰ ጨው ይሆናል። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ማስተማር በጀመሩ ጊዜ ግን በደሉት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነው። በለቅሶ ቤት ገብተን ልጅዋን የቀበረችውን እናት «ተይ አታልቅሺ፥ አመስግኚ» የምንል ሁሉ ይህን እናስብ። እርስዋ ራስዋ በጊዜዋ ታመሰግናለች፤ የእኛ ድርሻ አብሮ መቀመጥ ነው።

ያልከሰረው ሰው ምስጋናስ ወዴት አለ? በእጁ ነው። በዚህ ነገር የቦረና ሕዝብ ለከተማው ክርስቲያን ትምህርት ይሰጣል። ከጥንት ጀምሮ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ በድርቅ ወይም በሌላ አደጋ ከብቱን ላጣ ሰው የጎሣው ወገኖች ከየመንጋቸው እያወጡ ይሰጡታል፤ በረቱም እንደ ገና ይቆማል። የሚሰጠውም ነገ የሚያጣ ሊሆን ይችላልና፥ ተቀባዩን ለማዋረድ ማንም አይደፍርም። ድርቁ በጸና ጊዜ ግን ሰጪውም ተቀባዩም በአንድነት ከሰሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሸክሙ ዝናብን በማይጠብቁት በደመወዝተኛው፥ በነጋዴውና በከተማው ምእመን ላይ ይወድቃል። ደመወዙ ያልተቋረጠበት ሰው ስለ ደመወዙ በቤተ ክርስቲያን አመስግኖ ከጐረቤቱ ባዶ ማድጋ አጠገብ ዝም ብሎ ቢያልፍ፥ ምስጋናው ግማሽ ቀርቷል። ጐረቤቱ ክርስቲያን ይሁን፥ እስላም ይሁን፥ ወይም የአባቶቹን የዋቃ እምነት የሚከተል ይሁን፥ ረኀብ በሃይማኖት አይለይምና የምስጋናው ዕዳ አንድ ነው።

በሌላው ዓለምም ለዚህ ምሳሌ አለ። በጀርመን አገር በአይለንቡርግ ከተማ ማርቲን ሪንካርት የሚባል የሉተራን ቄስ ነበረ። 30 ዓመት በፈጀው ጦርነት ጊዜ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ዓ.ም. በከተማዪቱ ቸነፈር ገባ፤ እርሱም በአንድ ዓመት ከ4 ሺህ በላይ ሰው ቀበረ፤ ከቀበራቸውም አንዲቱ የገዛ ሚስቱ ነበረች። ከቸነፈሩ በኋላ ረኀብ ሲመጣ ያለውን ለድኆች አካፈለ። ይኸው ሰው የደረሰው የምስጋና መዝሙር እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይዘመራል፤ መጀመሪያ የጻፈውም ለቤተ ሰቡ የማዕድ ጸሎት እንዲሆን ነው ይባላል። የቀበረበት እጅና የሰጠበት እጅ አንድ ስለ ነበረ፥ ምስጋናውን ማንም ልማድ ነው ብሎ ሊንቀው አልቻለም።

ይህን ትምህርት በየቤታችን ለመለማመድ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ማታ ቤተ ሰቡ በማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ፥ አባት ወይም እናት አስቀድመው የጐደለውን በስሙ ይጥሩት፤ ሞት ከሆነ ሞት፥ ኪሳራ ከሆነ ኪሳራ ይበሉት። ልጆች የወላጆቻቸውን ኀዘን ከፊታቸው ያነቡታልና፥ የተሸፈነ ኀዘን ከተነገረው ይልቅ ያስፈራቸዋል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ያልጐደለውን አንድ ነገር ያንሣ፤ ያቺ የተረፈች ፍየል፥ የጐረቤት እግር፥ ወይም የዚያች ቀን እንጀራ ልትሆን ትችላለች። ልቡ ከብዶት ዝም የሚል ልጅ ቢኖር አይገደድ፤ ሌሎቹ ስለ እርሱ ያመስግኑ። በመጨረሻም ከማዕዱ ጥቂት ለሌላ ሰው ይነሣ። በ40 ቀን ተዝካር ኀዘንተኛው ቤት ድኆችን ማብላቱ ይህንኑ ያስተምረናል፤ ያጣ ሰው እንኳ ሰጪ መሆኑ አይቀርምና።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ ነገ ጧት እንደምን አደራችሁ የሚለን ሰው ሲገጥመን ያንኑ የለመድነውን ቃል እንመልስ። ነገር ግን ቃሉ በቈላው ምድር ስንት እንደ ተከፈለበት እናስብ። ያጣን ብንሆን ሳናፍር እያለቀስን እንበለው፤ ያላጣን ብንሆን እጃችንን ዘርግተን እንበለው። የሰጠውም የነሣውም አምላክ፥ ባዶውን በረት የሚሞላበትን እጅ ከየቤታችን ያስነሣ።