ለአየር ንብረት ሲባል ጅማ ምን ይትከል?

የጅማ ገበሬ «ዛፍ ትከል» ሲባል ብዙ ጊዜ እጁ የሚሄደው ወደ ባሕር ዛፍ ነው። አይፈረድበትም። ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሰቶ ሰመሮም ሆነ አጋሮ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ለማገርና ለአጣና ይፈልገዋል። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያወጣትም ይኸው ዛፍ ነው። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጥቷል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስቦ ይዞ የሚቆየው የትኛው ተክል ነው?

የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶ ሲውል የሳበውን ምድጃ ላይ ይመልሰዋል፤ ትልቁ ውለታው የተፈጥሮውን ደን ከመጥረቢያ ማስጣሉ ነው። በየዓመቱ የማይታረስ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ የሚከርም ተክል ግን አፈሩንም በካርቦን ያበለጽጋል።

የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ተክል፣ ቬቲቨር ሳርን፣ ሲያስገባ ስለ ካርቦን የሚያወራ አልነበረም። ሳሩ በቡና ማሳ ዳር በመስመር ተተክሎ ሰርዶ እንዳይዘልቅ ያግዳል፤ ሲታጨድ ደግሞ ቡናው ሥር ይጎዘጎዛል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይስፋፋ ሦስት ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተሻግሮ፣ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት መቱ አካባቢ በሰፊው አዳረሰው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ከቡናው በላይ የቆመው ነው፦ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ። ሰሳ አናቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ለቡናው ለስላሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ እሱና ብርብራ ለአፈሩ ናይትሮጂን ይሰጣሉ። የቡና ዋጋ ወርዶ ጫት ሲተካ እነዚህ ዛፎች አብረው ይወድቃሉ። ጫትም ቋሚ ተክል ነው፤ የወደቀውን ዋንዛ ግን አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ባንክ ለኦሮሚያ የልቀት ቅነሳ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክፍያ ለመፈጸም ተስማምቷል። ገንዘቡ አዲስ ችግኝ ለተከለው ብቻ ሳይሆን አሮጌውን ዛፍ ላልቆረጠው ገበሬም መድረስ አለበት፤ የአንድ ትልቅ ዋንዛን ካርቦን ችግኝ ለመተካት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታልና። ደኑን የጠበቀን ገበሬ የመጥቀሙ መንገድ በሸቤ ሶምቦና በጌራ ወረዳዎች፣ በበለጠ ጌራ ደን ተሞክሯል። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባገዘው ሥራ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የደን ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ በማግኘቱም ከተለመደው ዋጋ በላይ የሚሸጡበት በር ተከፍቶላቸዋል።