መላጣ አንገቱ ጫጩት ከየት መጣ?

በአንድ አጥቢያ የሚገኘው የልማት ኮሚቴ ለችግረኛ ቤተሰቦች የኮይኮክ ዶሮዎችን ሲያከፋፍል፣ እያንዳንዱ ተረካቢ ከሚያስፈለፍላቸው ጫጩቶች ስድስቱን ለቀጣዩ ቤተሰብ እንዲያስተላልፍ ውል ተገብቶ ነበር። ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ የሁለት ወር ጫጩቶቻቸውን ሲያቀርቡ፣ ከስድስቱ አንዱ አንገቱ ላይ ላባ የሌለው ሆኖ ተገኘ። አንዳንድ የኮሚቴው አባላት «የፕሮጀክቱን ጫጩት ሸጠው፣ ቁጥር ለመሙላት ከገበያ ገዝተው አመጡ» አሉ፤ እናቲቱም ከተረጂዎች መዝገብ እንዲሰረዙ ሐሳብ ቀረበ። ጉዳዩ ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ፣ ከፍርድ በፊት ጫጩቱ ራሱ እንዲመረመር ጠየቅን።

ኮይኮክ በደቡብ አፍሪካ፣ በፖችፍስትሩም ከተማ፣ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከባለመስመር ፕሊማውዝ ሮክ ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው። ላባው ላይ ነጭና ጥቁር መስመር ይፈራረቃል፤ አንገቱ ግን መላጣ አይደለም። የአንገት መላጣነት ከእናት ወይም ከአባት ከአንዳቸው ብቻ ቢወረስ እንኳ በልጅ ላይ የሚገለጥ ጠባይ ነው። ስለዚህ ጫጩቱ አንድ መላጣ አንገት ወላጅ እንዳለው አያጠራጥርም። ጥያቄው ሁለተኛው ወላጅ ማን ነው የሚለው ነበር።

መልሱ በላባው ላይ ተገኘ። ጫጩቱ ወንድ ሲሆን፣ ከአንገቱ በታች ያለው ላባ መስመር አለበት። እናቲቱም በተፈለፈለ ዕለት ጥቁር እንደ ነበረና አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ እንደ ነበረው ነገሩን። ኮይኮክ ሴት መስመር ከሌለው አውራ ዶሮ ስትዳቀል መስመሩን ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ታወርሳለች፤ ሴቶቹ ያለ መስመር ያድጋሉ። ምልክቱ ሁሉ የጫጩቱ እናት ከፕሮጀክቱ ዶሮዎች አንዷ መሆኗን የሚያሳይ ነበር።

«በመንደሩ መላጣ አንገት አውራ ዶሮ የለም» የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። አሁን የለም፤ ነገር ግን የጎረቤት ቀይ መላጣ አውራ ለፋሲካ ታርዶ ኖሯል። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታቆያለች። እናቲቱ ዕንቁላሉን የሰበሰቡት በፋሲካ ማግሥት ባለው ሳምንት ነው፤ የሀበሻ ዶሮም 21 ቀን ታቅፋ ፈለፈለችው። ስለዚህ ጫጩቱ የተወለደው አባቱ ከታረደ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ነው።

ኮሚቴው እናቲቱን ይቅርታ ጠይቆ ስማቸውን በመዝገቡ አጸና። ከዚህ በመነሣት ለሰበካ ኮሚቴዎች የሚከተለውን እናሳስባለን፦

በመጀመሪያ፣ የጫጩት ጠጉር ቀለም ስለሚለወጥ፣ ላባው እስኪወጣ ድረስ በቀለም ብቻ ዝርያን አትወስኑ፤ የአንገቱን፣ የኩክኔውንና የእግሩን ሁኔታ አብራችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ዕንቁላሉ ከመሰብሰቡ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት በአካባቢው የነበሩትን አውራዎች ሁሉ ጠይቁ፤ የታረደውንና የተሸጠውንም አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ንጹሕ ዝርያ ማቆየት ከተፈለገ፣ ሴቶቹ ከሌላ አውራ ተለይተው ሦስት ሳምንት ካለፋቸው በኋላ የሚጣለው ዕንቁላል ብቻ ይታቀፍ።

አራተኛ፣ የተዳቀለውን ጫጩት «የተዳቀለ» ብላችሁ መዝግቡት እንጂ አትጣሉት። አንገቱ መላጣ የሆነ ዶሮ ሙቀትን በቀላሉ ስለሚያስወጣ ለቆላ አገር ይስማማል። የፈንግል ክትባት ግን ለዚህም ለዚያም እኩል ያስፈልጋል።

ጫጩቱ ዛሬ በሁለተኛው ቤተሰብ ግቢ ይገኛል። ለድሀ መልካም ስሙ ከስድስት ጫጩት ይበልጥበታልና፣ አባቶች ካህናትና የኮሚቴ አባላት ከመጠርጠራችን በፊት እንድንመረምር አደራ እንላለን።